ወደ ትምህርት ገበታ መመለስና የወላጆች ድርሻ፤ በ2013 ዓ.ም. የማካካሻ ትምህርት ላይ የቀረበ ሂስ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና ቫይረስ በሽታ በአገራችን መገኘቱ ከተገለጸ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ማለትም መጋቢት 7 ቀን፣ ትምህርት ቤቶች በመላ አገሪቱ እንዲዘጉ መወሰኑን አንባቢዎች ያስታውሳሉ። ከቅድመ መደበኛ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ባለው እርከን ይማሩ የነበሩ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች በአንድ ጊዜ ከክፍል ወጥተው ቤታቸው ተቀመጡ። ከጥቅምት 9 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ትምህርት ቤቶች ከገጠሩ ወደ ትላልቅ ከተሞች በየተራ ተከፈቱ። በመዘጋቱና በመከፈቱ መካከል ሰባት ወር ያህል አለፈ።

ስለ መዘጋቱ አስፈላጊነትም ሆነ በመከፈቱ ጊዜ ስለሚወሰደው ጥንቃቄ በወቅቱ ብዙ ተብሏል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን መድገም ሳይሆን፣ በሩ ከተከፈተ በኋላ ተማሪውንና ቤተሰቡን የተቀበልንበትን አሠራር መመርመር ነው። የጸሐፊው ሂስ በአጭሩ የሚከተለው ነው፤ ያልተሰጠውን ትምህርት ለማካካስ ስንጣደፍ፣ የተመለሰው ልጅ ምን ይዞ፣ ምንስ ረስቶ እንደ መጣ ሳንጠይቅ ቀረን፤ ሰባት ወር ሙሉ በአስተማሪ ቦታ የቆየውን ወላጅም ከትምህርት ቤቱ ደጃፍ አሰናበትነው።

ሀ. የርቀት ትምህርቱ በማን እጅ ነበር?

ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በሬዲዮ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በቴሌቪዥን ትምህርት እንዲሰራጭ ተደረገ። በከተሞች አንዳንድ ትምህርት ቤቶች በቴሌግራም አማካይነት ማስታወሻና የቤት ሥራ ይልኩ ነበር። ትምህርትን በሬዲዮ ማሰራጨት ለአገራችን እንግዳ ባይሆንም፣ ሥራው በዚያ አስጨናቂ ወቅት በአጭር ጊዜ ውስጥ መጀመሩ ሊመሰገን ይገባዋል።

ይሁን እንጂ የስርጭቱ መጀመርና የትምህርቱ መድረስ አንድ ነገር አይደሉም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ ኤሌክትሪክ የገባላቸው ቤተሰቦች በአገር አቀፍ ደረጃ ከመቶ 26፣ በገጠር ደግሞ ከመቶ 8 ብቻ ነበሩ። ይህ አኃዝ እስከ 2012 ዓ.ም. ከፍ ማለቱ ቢጠበቅም፣ አብዛኛው የገጠር ልጅ ከቴሌቪዥን ትምህርት ውጭ እንደ ነበር፣ ሬዲዮ ያለውም ቤተሰብ የባትሪ ድንጋይ መግዛት እንደ ነበረበት ለመረዳት አያዳግትም።

ከዚህም በላይ ሬዲዮ ይናገራል እንጂ አይሰማም። ልጁ ያልገባውን ሊጠይቀው፣ የጻፈውን ሊያሳየው፣ ሲሳሳትም ሊታረምበት አይችልም። በፕሮግራሙ ሰዓት ልጁን ከከብት ጥበቃ፣ ልጅቷን ውኃ ከመቅዳት ነፃ የሚያደርግ፣ ታናናሾቻቸውን ዝም የሚያሰኝ፣ ደብተር አስገልጦ «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» የሚል ወላጅ ከሌለ ድምፁ በቤቱ ውስጥ አልፎ ይሄዳል። እንግዲያው የርቀት ትምህርት ስንለው የቆየነው በእርግጥ የቤት ትምህርት ነበር፤ አስተማሪዎቹም ብዙዎቹ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ አባቶችና እናቶች ነበሩ። «ሳይማር ያስተማረ» የሚለው የዘወትር የምስጋና አነጋገራችን በእነዚያ ወራት ቃል በቃል ተፈጸመ።

ለ. «ማካካሻ» በሚለው ቃል ላይ

ከ8ኛና ከ12ኛ ክፍል በስተቀር ተማሪዎች ሁሉ ወደሚቀጥለው ክፍል እንዲዛወሩ፣ ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱም ያለፈው ዓመት ትምህርት በ45 ቀን ማካካሻ እንዲሰጥ ተወሰነ። ተማሪዎቹን ማዛወሩ የሚነቀፍ አልነበረም። ልጁ ባላመጣው በሽታ ዓመት እንዲደግም ማድረግ ፍትሕ አይሆንም፤ በቀድሞው ክፍል እንዲቀር ቢደረግም አዲስ የሚገቡት ሕፃናት ቦታ ባጡ ነበር። ሂሱ የሚያተኩረው ከመዛወሩ በኋላ በተደረገው ላይ ነው።

ማካካስ የሚለው ቃል ለጊዜና ለንብረት ይስማማል። ከሥራው ሦስት ቀን የቀረ ሠራተኛ በሌላ ሦስት ቀን ሊያካክስ ይችላል። በትምህርት ግን የጎደለው ያልተሰጠው ምዕራፍ ብቻ አይደለም፤ ከመጋቢት በፊት የተሰጠውም በመዘንጋት ይጎድላል። የጉድለቱም መጠን ከልጅ ልጅ ይለያያል። ለምሳሌ ሁለት የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎችን እናስብ። አንደኛው በከተማ የሚኖርና አባቱ የቢሮ ሠራተኛ የሆነ፣ ማታ ማታ መጽሐፍ እየተነበበለት የቆየ ነው። ሁለተኛው መጋቢት ላይ ፊደል ከፊደል እያገናኘ ቃል ማንበብ የጀመረና ከዚያ በኋላ ሰባት ወር መጽሐፍ ያልነካ ነው። ሁለቱም ጥቅምት ላይ አራተኛ ክፍል ገቡ፤ ሁለቱም ያንኑ የ45 ቀን ማካካሻ ተሰጣቸው። ለመጀመሪያው ትምህርቱ የሚያውቀውን መከለስ ነበር። ለሁለተኛው ግን የሦስተኛ ክፍል የመጨረሻ ምዕራፎች በጥቁር ሰሌዳ ላይ በፍጥነት ሲያልፉ ከመመልከት በቀር ያገኘው ጥቅም ምን ነበር?

እዚህ ላይ ሊዘነጋ የማይገባው፣ ችግሩን ወረርሽኙ ብቻውን ያልፈጠረው መሆኑ ነው። በ2002 ዓ.ም. በተካሄደ የማንበብ ችሎታ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ስለዚህ መዘጋቱ የነካው ቀድሞውኑ ያልጸና መሠረት ነው። እንዲህ ባለ መሠረት ላይ ምዕራፍ መጨመር ለመዝገብ እንጂ ለልጁ አይጠቅምም።

ሐ. ከሌላ አገር የተገኘ ማስረጃ

በመስከረም 1998 ዓ.ም. በሰሜን ፓኪስታን ከባድ የምድር መናወጥ ደርሶ ትምህርት ቤቶች በአማካይ ለ14 ሳምንታት ያህል ተዘግተው ነበር። ከአራት ዓመታት በኋላ ተመራማሪዎች ወደ አካባቢው ሄደው ሲመረምሩ፣ ቤቶቹ በአብዛኛው ተጠግነዋል፤ የቤተሰቦቹም ኑሮ ከሌሎቹ ጋር ተስተካክሏል። ለአደጋው ቅርብ የነበሩት ልጆች ግን በትምህርት ዕውቀታቸው ከሌሎቹ አንድ ዓመት ተኩል በሚመዘን መጠን ወደ ኋላ ቀርተው ተገኙ።

ከዚህ ጥናት ሁለት ቁም ነገሮች ይገኛሉ። የመጀመሪያው፣ የ14 ሳምንት መዘጋት ብቻውን የአንድ ዓመት ተኩል ጉድለት ሊያስከትል እንደማይችል ነው። ልጆቹ አብዛኛውን ያጡት ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ በኋላ፣ በክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሳለ ነው ማለት ነው፤ ትምህርቱ ቀድሟቸው ሄደ፤ እነርሱም በየዓመቱ እየራቁት መጡ። ሁለተኛው፣ እናቶቻቸው ቢያንስ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት የጨረሱ ልጆች ምንም ጉድለት ያልታየባቸው መሆኑ ነው። በተመለሰው ልጅና በቀደመው ትምህርት መካከል ያለውን ክፍተት የሞላ ሰው በቤት ውስጥ ተገኝቷል።

ከሁለተኛው ነጥብ ያልተማረች እናት ልጇን ልትረዳ አትችልም የሚል መደምደሚያ የሚያወጣ ሰው ይሳሳታል። ማስረጃው የሚያሳየው የተማረችው እናት የልጇን ጉድለት ማየት መቻሏን ነው። ያልተማረችው እናት ይህን ማየት ካልቻለች፣ እንዲታያት የማድረግ ኃላፊነት የትምህርት ቤቱ ይሆናል።

መ. ከራሳችን ልማድ ልንማር የምንችለው

ሕፃኑን ካቆመበት ማስቀጠል ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት የኔታ ተማሪውን የሚያውቁት በክፍል ቁጥር ሳይሆን በደረሰበት ነው። አንዱ ፊደል ይቆጥራል፤ ሌላው አቡጊዳ ላይ ነው፤ ሌላው ዳዊት ይደግማል። ለእርሻ ወይም በሕመም ቀርቶ የከረመ ልጅ ሲመለስ የኔታ ፊት ቀርቦ ያስነብቡታል፤ የዘነጋው ካለ ወደ ኋላ ይመልሱታል፤ ካልዘነጋ ካቆመበት ይቀጥላል። በቁርኣን ትምህርት ቤትም እያንዳንዱ ልጅ በራሱ ሉሕ ላይ የተጻፈለትን አጥንቶ ሳያሰማ ወደሚቀጥለው አያልፍም። እነዚህ ትምህርት ቤቶች የራሳቸው ድክመት የነበራቸው መሆኑ አይካድም። ነገር ግን የተመለሰን ልጅ መጀመሪያ መስማት፣ ከዚያ ማስተማር የሚለው ሥርዓታቸው ከ45 ቀን ማካካሻችን ይበልጥ ጠንካራ ነበር።

ሠ. ምን ማድረግ ይቻል ነበር? ምንስ ይቻላል?

አንደኛ፣ በመጀመሪያው ሳምንት እያንዳንዱ ልጅ አጭር ምንባብ እንዲያነብና ሁለት ወይም ሦስት የሒሳብ ጥያቄ እንዲሠራ ማድረግ ያስፈልጋል። መምህሩ 60 ተማሪዎች ይዞ ይህን ለመፈጸም ጊዜ የለውም የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ ይታወቃል። ለአንድ ልጅ ሦስት ደቂቃ ቢመደብ ለ60 ልጆች ሦስት ሰዓት ይበቃል፤ ይህም በሳምንት ውስጥ በቀን ከአንድ ክፍለ ጊዜ አይበልጥም። ይልቁንም በ2013 ዓ.ም. ተማሪዎች ለጥንቃቄ ሲባል በፈረቃና በአነስተኛ ቁጥር እንዲማሩ ተደርጎ ስለ ነበር፣ መምህሩ እያንዳንዱን ልጅ ለመስማት ዳግመኛ በቀላሉ የማይገኝ ዕድል አግኝቶ ነበር። ያ ዕድል በብዙ ቦታ ምዕራፍ ለማሳለፍ ዋለ።

ሁለተኛ፣ በየቀኑ አንድ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎች በክፍል ደረጃቸው ሳይሆን በማንበብ ችሎታቸው ተመድበው ቢማሩ መልካም ነው። በህንድ አገር ለረጅም ዓመታት የተሠራበት ይህ ዘዴ፣ በሚገባ በተያዘበት ቦታ፣ ማንበብ ያቃታቸውን ልጆች በጥቂት ወራት ውስጥ አንባቢ ሊያደርግ እንደሚችል ታይቷል።

ሦስተኛ፣ የወላጅ፣ የተማሪና የመምህራን ኅብረት ስብሰባ ሊያነሣው የሚገባው ጉዳይ ሊለወጥ ይገባል። ወላጅ ሲጠራ ለመዋጮ፣ ለአጥር ሥራ ወይም ስለ አፍና አፍንጫ መሸፈኛ ብቻ መሆን አልነበረበትም። «ልጅዎ በእነዚህ ወራት ምን ሲሠራ ቆየ? ምን ያስፈራዋል? ከእናንተ የታመመ ወይም የሞተ አለ? ማታ ማን ያስጠናዋል?» የሚሉት ጥያቄዎች ቀላል ቢመስሉም፣ መልሳቸውን የያዘ መምህር ከማንኛውም መመሪያ የበለጠ ይረዳበታል። ወላጅም የሚሠራው ነገር በግልጽ ሊነገረው ይገባል። ማንበብ የማትችል እናት ልጇን በየማታው ጮክ ብሎ እንዲያነብላት ማዘዝ ትችላለች፤ ሲያነብ መደናቀፉንና አለመደናቀፉን ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልጋትም።

አራተኛ፣ ያልተመለሱትን መፈለግ ነው። የተዳረች ልጃገረድ፣ የቀን ሥራ ይዞ ቤተሰቡን መርዳት የጀመረ ወጣት፣ ምገባ በመቋረጡ ከትምህርት ቤቱ ጋር የነበረው ትስስር የላላ ሕፃን በጥሪ ደብዳቤ አይመለሱም። መምህሩ ከቀበሌ ሠራተኛና ከአካባቢ ሽማግሌዎች ጋር ቤት ድረስ መሄድ ይኖርበታል፤ ይህም በቸርነት የሚሠራው ሳይሆን የሥራው ክፍል ሆኖ ጊዜና አበል ሊመደብለት ይገባል።

ረ. ማጠቃለያ

በ2012 ዓ.ም. 10ኛ ክፍል የነበሩት ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ደረሱ። የእነርሱን ፈተና ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909፣ ማለትም ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ይህን ውጤት በመዘጋቱ ብቻ ማሳበብ ትክክል አይሆንም፤ ጦርነት፣ የቆየ የትምህርት ጥራት ችግርና የፈተናው አሰጣጥ መለወጥ ሁሉ ድርሻ አላቸው። የሚያስቆጨው ግን ጉድለቱ በጉልህ የታየው በመጨረሻው በር ላይ፣ ለልጁ ሊደረግለት የሚችለው ባለቀበት ሰዓት መሆኑ ነው። 11ኛ ክፍል ሲገቡ ቢታይ ሁለት ዓመት ቀርቶ ነበር።

ጉዳዩም ያለፈ ታሪክ አይደለም። በትግራይ ትምህርት ቤቶች ከወረርሽኙ ወደ ጦርነት በመሸጋገራቸው ብዙ ልጆች ሦስት ዓመት ያህል ከትምህርት ርቀዋል። በአማራ ክልልም በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በተቀሰቀሰው ግጭት ምክንያት እጅግ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከክፍል ውጭ ሆነዋል። እነዚህ ልጆች ሬዲዮ እንኳ አላስተማራቸውም። ሲመለሱ ዕድሜያቸው ከክፍላቸው የቀደመ፣ ያዩትም ከዕድሜያቸው የከበደ ይሆናል። በ45 ቀን ማካካሻ ልንቀበላቸው ካሰብን፣ ከ2013 ዓ.ም. የተማርነው ነገር የለም ማለት ነው።

ትምህርት ቤት የሚከፈትበትን ቀን የሚወስነው መመሪያ ነው። ልጁ መመለሱ የሚረጋገጠው ግን መምህሩ አስነብቦት የደረሰበትን ሲያውቅና ለወላጁ ሲነግር ነው። ለመጪው መመለስ የሚዘጋጀው ዕቅድ ከዚህ ቢጀምር፣ ያለፈው ስሕተት ቢያንስ ለአንድ ነገር ጠቀመ ሊባል ይቻላል።