እንጦጦ በስልክ ካሜራ ለምን ያንሳል?

እ.ኤ.አ. በ1904 ሠዓሊው ክሎድ ሞኔ 37 የለንደን ሥዕሎቹን ፓሪስ ላይ ለእይታ አቀረበ። ጭጋግ የዋጠው የፓርላማ ሕንፃ፣ የቴምዝ ድልድዮች፣ በጭስ ውስጥ የምታቃጥል ቀይ ፀሐይ። ሥዕሎቹ ተወደዱ። በዓመቱ ግን ሰውየው ከፎቶግራፍ ቀድቶ ነው የሚል ሐሜት ከወደ ለንደን ተሰማ። ሞኔ ለሥዕል ነጋዴው ለዱራን-ሩዌል በጻፈው ደብዳቤ አንድ የፓርላማ ፎቶ ተነሥቶለት እንደነበር አልካደም፤ አልጠቀመኝም አለ እንጂ። አስከትሎም ሥዕሎቹ ከተፈጥሮ ፊት ለፊት ተሣሉም አልተሣሉም ማንንም እንደማያገባ ገልጾ ነገሩን ዘጋው።

መልሱ ቁጣ ብቻ አልነበረም። ሸራዎቹን እ.ኤ.አ. ከ1899 እስከ 1901 ባለው ጊዜ ለንደን ላይ፣ አብዛኞቹን ከሆቴል መስኮት እያየ ጀመራቸው፤ የጨረሳቸው ግን ዢቨርኒ፣ ቤቱ ገብቶ ነው። ከዚያ በፊት የእህል ክምሮቹን ሲሥል ብዙ ሸራ ይዞ እየወጣ፣ ብርሃኑ በተለወጠ ቁጥር ሸራ ይለውጥ እንደነበር የታወቀ ነው። እንዲህ የደከመን ሰው በአንድ ፎቶ መክሰስ፣ በእውነቱ፣ ሥራውን አለማወቅ ነው።

ዛሬም ቢሆን በሠዓሊዎች መካከል ክርክሩ አልበረደም። አንዱ ወገን ደጅ ያልተሣለ መልክዓ ምድር ነፍስ የለውም ይላል፤ ሌላው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሣና ስቱዲዮው ገብቶ ይሥላል። ሁለቱም ዋናውን ነጥብ ይስቱታል። ሠዓሊ ደጅ የሚወጣው ቦታውን ለማየት ብቻ ሳይሆን ለመወሰን ነው። ብርሃኑ እየሸሸ ስለሆነ የቱን ይዞ የቱን እንደሚተው እዚያው መቁረጥ አለበት። ፎቶ ግን ሁሉንም እኩል ያስቀምጥለታል፤ ውሳኔውንም ለነገ ያስተላልፍለታል።

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ፒየር-ኦንሪ ደ ቫለንሲየን እ.ኤ.አ. በ1800 ባሳተመው የሥዕል መጽሐፍ ለተማሪዎቹ ገደብ አበጅቶ ነበር፦ ከተፈጥሮ ፊት ለሚሠራ ንድፍ ቢበዛ ሁለት ሰዓት፣ ፀሐይ ስትወጣ ወይም ስትጠልቅ ከሆነ ደግሞ ግማሽ ሰዓት። አዲስ አበባ ላይ ያ ግማሽ ሰዓት ራሱ ቅንጦት ነው። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ አካባቢ ስለምትገኝ ፀሐይ ሽቅብ ቀጥ ብላ ትወጣለች፣ ቁልቁልም ቀጥ ብላ ትወርዳለች። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል የባህር ዛፉ ጥላ ከዛፉ ቁመት ማጠር ጀምሯል። በሚያዝያ መጀመሪያ ደግሞ በቀትር ፀሐይዋ አናት ላይ ትቆምና ጥላ የሚባል ነገር ከእግር ሥር ይገባል። ለሥዕል የሚሆነው ብርሃን እስከ 3 ሰዓት ያለው ጠዋትና ከ10 ሰዓት በኋላ ያለው አመሻሽ ነው። የቀረው ጊዜ ለምሳና ለወሬ ይሆናል።

ወሬ ደግሞ አይጠፋም። መንገድ ዳር ሸራ የዘረጋ ሰው ብቻውን አይቆይም። ልጆች ይከቡታል፤ አንዱ «እኔንስ አትሥለኝም?» ይላል፤ ጥበቃው መጥቶ ፈቃድ ይጠይቃል። በበጋ ነፋሱ አቧራ ያመጣል፤ አየሩ ደረቅ ስለሆነ አክሪሊክ ቀለም ሳይደባለቅ ፓሌቱ ላይ ይደርቃል፤ ውኃ መርጫ ያልያዘ ሰው ግማሹን ቀለም ይጥላል። በዘይት ቀለም የሚሠራው ደግሞ ትንኙንና ገለባውን ከሸራው ላይ መልቀም አለበት። ቫን ጎህም ቢሆን አላመለጠም፦ እ.ኤ.አ. በ1889 ከሣላቸው የወይራ ዛፍ ሥዕሎች በአንዱ ቀለም ውስጥ የተቀበረ የፌንጣ ቁራጭ እ.ኤ.አ. በ2017 ተገኝቷል። ሥዕሉ ካንሳስ ሲቲ በሚገኘው በኔልሰን-አትኪንስ ሙዚየም አለ።

እንግሊዛዊው ጆን ኮንስታብል እ.ኤ.አ. በ1821 እና በ1822 ሃምፕስቴድ ኮረብታ ላይ ደመና ብቻ ያለባቸውን ንድፎች ይሥል ነበር። በብዙዎቹ ንድፎች ጀርባ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ጽፏል። የስልክ ፎቶም ቀንና ሰዓት ይመዘግባል፤ ነፋሱን ግን አያውቅም። ደመናው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ያላወቀ ሠዓሊ ሰማዩን ሲሥል ደመናዎቹ የተሰቀሉ ይመስላሉ።

ወደ ካሜራው እንምጣ። ከፒያሳ ቆሞ ወደ ሰሜን የሚመለከት ሰው እንጦጦ ከተማዋ ላይ ተደግፎ ያየዋል። ስልኩን አውጥቶ ሲያነሣው ተራራው ከጣራዎቹ በላይ የተዘረጋ ቀጭን መስመር ይሆናል። የስልክ ዋና ሌንስ ሰፊ ስለሆነ የቅርቡን ያሰፋል፣ የሩቁን ያሳንሳል። ዓይን ግን የፈለገው ላይ ያርፋል፣ ሌላውን ይተዋል። ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ አቅርቦ ማንሣት ይህን በከፊል ያቃናል። ጥላው ግን አይቃናም። ካሜራው ለሰማዩ ሲስተካከል ጥላው ይጠቁራል፣ ለጥላው ሲስተካከል ሰማዩ ነጭ ወረቀት ይሆናል፤ አዳዲሶቹ ስልኮች ሁለቱን አዋሕደው ሲያወጡት ደግሞ ብርሃኑ የትም የሌለ ብርሃን ነው። ለጋው የባህር ዛፍ ቅጠል ብርማ ሰማያዊ ነው፤ ፎቶው ብዙ ጊዜ ተራ አረንጓዴ ያደርገዋል። የመስከረም አደይ አበባ ከሁሉም የከፋ ነው፦ ደማቁ ቢጫ የካሜራውን አቅም አልፎ ሜዳው በሙሉ አንድ ወጥ ቢጫ ይሆናል፤ ብርሃን ያረፈበትና ጥላ ያረፈበት አበባ አይለይም።

ታዲያ ፎቶ ለምን ይጠቅማል? ለማይቆመውና በቃል ለማይያዘው ነገር። አህያዋ ሸክሟን ይዛ ሁለት ደቂቃ አትጠብቅም፤ የቆርቆሮ ጣራዎቹን አቀማመጥ በልብ መያዝ አይቻልም፤ የግራር ቅርንጫፍ እንዴት እንደሚከፈል ማስታወሱም ከባድ ነው። ፖል ሴዛን፣ ከተፈጥሮ ፊት ካልቆምኩ የሚል፣ እ.ኤ.አ. በ1906 ደጅ ሲሥል ዝናብ መትቶት በቀናት ውስጥ የሞተ ሰው፣ ኒው ዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የተቀመጠውን የፎንቴንብሎ ጫካ የሚቀልጥ በረዶ ሥዕሉን ከፎቶግራፍ ነው የሠራው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1879–80 ነው። ፎቶው ባለ አንድ ቀለም ስለነበር ሰማያዊው፣ አረንጓዴውና ቡናማው የመጣው ጫካ ለጫካ ሲዞር ካካበተው ነው።

ከዚህ የሚቀዳ ዘዴ አለ። አንዳንድ ሠዓሊ ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጦ ያትማል፤ ከጎኑም በቦታው የሠራትን መዳፍ የምታህል የቀለም ንድፍ ያስቀምጣል። ንድፏ ላይ ሰማይ፣ ሩቅ ተራራ፣ ቅርብ መሬት፣ ጥላ አሉ፤ ሌላ ምንም የለም። ቅርጽ ከፎቶው፣ ቀለም ከንድፏ ይወሰዳል። ሁለቱ ሲጣሉ፣ ለምሳሌ በተራራው ቁመት፣ በዚያው ሰዓት ወደ ቦታው ተመልሶ ማየት ነው። ሰኔ ከገባ ግን ደመናው እስኪገለጥ፣ እስከ መስከረም፣ ሸራው ግድግዳ ተደግፎ ይቆያል።