በዳሌ ውስጥ ያለች አጭር ጅማት

የጭን አጥንትን ድቡልቡል ራስ ከዳሌው ጎድጓዳ ጋር የምታያይዝ አንዲት አጭር ጅማት አለች። ብዙ ሐኪሞች ለረጅም ዘመን በልጅነት ጥቂት ደም ከማድረስ ያለፈ ጥቅም የላትም ይሉ ነበር። በመኪና አደጋ የተጎዱ ዳሌዎችን ሳክም የኖርኩ ሰው ነኝና እንዲህ አቅልዬ ላያት አልችልም።

መኪና ሲጋጭ የተሳፋሪው ጉልበት ከዳሽቦርዱ ጋር ይላተማል፤ ግፊቱም በጭኑ አልፎ የአጥንቱን ራስ ወደ ኋላ ያስወጣዋል። ጅማቷ ትበጠሳለች፣ አለዚያም የአጥንት ቁራጭ ይዛ ትነቀላለች። በዚያ ሰዓት የሚያስቸኩለን ግን እሷ አይደለችም። ለአጥንቱ ራስ ደም የሚያደርሱት ሥሮች ስለሚወጠሩና ስለሚጠማዘዙ፣ በ6 ሰዓት ውስጥ ወደ ቦታው ልንመልሰው እንጣደፋለን፤ በዘገየ ቁጥር አጥንቱ የመሞቱ አደጋ ይጨምራል። ቤተሰብ «መጀመሪያ ወጌሻ ይየው» ሲል የምደነግጠው ለዚህ ነው። ጡንቻው በማደንዘዣ ሳይፈታ የወለቀ ዳሌ በጉልበት ቢጎተት አጥንት ሊሰበር ይችላል።

ብዙዎች ከዚያ በኋላ ይድናሉ። አንዳንዱ ግን ከወራት በኋላ ብሽሽቱን ይዞ ይመጣና «ዶክተር፣ ቁጢጥ ስል ዳሌዬ ይከዳኛል» ይለኛል። ያኔም ወደ ጅማቷ አልሮጥም። የጎድጓዳው ጠርዝና የመገጣጠሚያው ሽፋን ተቀድደው እንደሆነ አስቀድሜ እጠግናለሁ፤ ጎድጓዳው ራሱ ጥልቀት ካነሰው መፍትሔው አጥንቱ ላይ ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎ ዳሌው አሁንም ካልጸና ነው አዲስ ጅማት የማስበው።

አዲሷን ብዙ ጊዜ ከታካሚው ከራሱ የጭን ጅማት እንሠራታለን። በትንሽ ቀዳዳ ወደ መገጣጠሚያው በሚገባ የአርትሮስኮፒ ካሜራና በራጅ እየተመራሁ ከጭኑ ውጫዊ ጎን በአንገቱ ውስጥ አልፌ፣ የቀድሞዋ ጅማት ከተተከለችበት ስርጉድ እስክደርስ እሰረስራለሁ። ጠንካራው አጥንት አልፎ ለስላሳው ሲመጣ፣ ጠንካራው ደግሞ ሲመለስ እጄ ከስክሪኑ ቀድሞ ያውቀዋል። የምፈራው ሌላው ጫፏ የሚታሰርበትን የጎድጓዳውን ወለል ነው፤ አጥንቱ ስስ ሲሆን ከጀርባው የደም ሥርና ነርቭ ያልፋሉ።

ከሁሉም የሚከብደኝ ውጥረቷን መመጠን ነው። ከላላች ዋጋ የላትም፤ ከጠበቀች ደግሞ ዳሌውን ታስረዋለች። ስለዚህ እግሩን ዘርግቼ፣ ወደ ውጭ አዙሬ አስራታለሁ። በአርትሮስኮፒ የተሠራ እንዲህ ያለ ጥገና በሕክምና መጽሔት የታተመው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ ወዲህም የተሠራላቸው ሰዎች ጥቂት ናቸው። ለታካሚዬ ከቀዶ ጥገናው በፊት ይህንኑ እነግረዋለሁ። ቁስሉን ከመስፋቴ በፊት ጭኑን በየአቅጣጫው አዞረዋለሁ፤ የያዘ ነገር ከተሰማኝ ፈትቼ እንደገና አስራለሁ።