ጡሩንባውና መዝገቡ፦ ዕድር ለማኅበረሰብ ንድፈ ሐሳብ የሚያቀርበው ጥያቄ

በአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች ሰው ሲሞት ጡሩንባ ነፊው ጎሕ ሳይቀድ መንገዱን ይዞረው ነበር። ረፋዱ ላይ ድንኳኑ ተተክሎ፣ አግዳሚው ተደርድሮ፣ ንፍሮው ተጥዷል። ከቀብር መልስ ደግሞ ጸሐፊው መዝገቡን ይከፍታል። ስም ይጠራል፤ ያልተገኘው «ቀሪ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ቀሪም ይቀጣል። ስለ ዕድር የሚጽፉ ሰዎች ዓይናቸው የሚያርፈው ድንኳኑ ላይ ነው። እኔን የሚገርመኝ መዝገቡ ነው።

ጀርመናዊው ፌርዲናንድ ቶኒስ እ.ኤ.አ. በ1887 ባሳተመው መጽሐፉ የሰዎችን አብሮ መኖር በሁለት ይከፍለዋል። አንደኛው በሥጋ ዝምድና፣ በጉርብትናና በእምነት የተሳሰረ፣ ማንም አስቦ ያልመሠረተው ነው። ሌላው ሰዎች ጥቅማቸውን አስልተው በውል የሚገቡበት ነው። አማርኛ ለሁለቱ «ማኅበረሰብ» እና «ኅብረተሰብ» የሚሉ የተለያዩ ቃላት አሉት፤ ጋዜጦቻችን እንዳሻቸው ሲያቀያይሯቸው ማየት ያሳዝናል። ቶኒስ ዘመኑ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው እየተሻገረ መሆኑን በቁዘማ ይገልጻል። ፈረንሳዊው ኤሚል ዱርክሃይም እ.ኤ.አ. በ1893 ነገሩን በበጎ ዓይን አየው፦ በመመሳሰል ላይ የቆመው አብሮነት ሲደክም፣ በሥራ ክፍፍል አንዱ ሌላውን በመፈለጉ የሚመጣ አዲስ አብሮነት ይተካዋል አለ። ከሁለቱም 500 ዓመታት ቀደም ብሎ የሰሜን አፍሪካው ሊቅ ኢብን ኻልዱን «ሙቀዲማ» በተባለው መጽሐፉ፣ «ዐሰቢያ» ያለው የወገን ትስስር በበረሃ ጸንቶ በከተማ ምቾት እንደሚላላ ጽፏል። ሦስቱ የሚለያዩበት ነጥብ ብዙ ነው። የድሮውን ትስስር ከተማ እንደሚፈታው ግን አንዳቸውም አይጠራጠሩም።

ዕድር ከዚህ ሥዕል ጋር አይገጥምም። ብዙዎቻችን ከገጠር ከአያት ቅድመ አያት የወረስነው ይመስለናል፤ የበዓል ቀን ንግግሮችም ይህንኑ ይደጋግማሉ። በቀብር መረዳዳት ጥንታዊ መሆኑ እውነት ነው፤ የወሎን ቅሬ ማስታወስ ይበቃል። ወርኃዊ መዋጮ፣ የተጻፈ ደንብ፣ የአባላት መዝገብና ቅጣት ያለው ዕድር ግን የከተማ ልጅ ነው። አጥኚዎች አመጣጡን ሲፈልጉ የሚደርሱት 20ኛው ክፍለ ዘመን ላይ ነው። ከፊሎቹ ወደ አዲስ አበባ የገቡ የጉራጌ ተወላጆችን መረዳጃ ማኅበራት ይጠቅሳሉ፤ ከፊሎቹ የጣልያንን ወረራ ዘመን። ወደ ገጠርም የተስፋፋው ከከተማ ወጥቶ ነው። አዲስ አበባ ራሷ በጦር ሰፈር መልክ የተቆረቆረች ናት፤ «ሰፈር» የሚለው ቃል «ሰፈረ» ከሚለው ግሥ መምጣቱን ልብ ይሏል። በመኳንንቱ ዙሪያ የሰፈረው ሰው ልጅ ልጆች ጎረቤታሞች ሆኑ፤ ከየአውራጃው የፈለሰውም ተቀላቀላቸው። እንዲህ ያለው ሰው ሲሞት ሬሳውን የሚያወጣ ዘመድ በአጠገቡ የለውም። ዕድር የተፈጠረው ለዚህ ጉድለት ነው።

አፈጣጠሩም በውል ነው። ደንቡን ገልጦ ያነበበ ሰው ዝምድና በብር ተተምኖ ያገኘዋል፦ ለአባሉ ራሱ ወይም ለትዳር ጓደኛው ይህን ያህል፣ ለልጅ ይህን ያህል፣ ለወላጅ ይህን ያህል፣ ለእህት ወንድም ደግሞ ከዚያ ያነሰ። የቶኒስን መጽሐፍ የያዘ ሰው ይህን ሲያይ መደናገሩ አይቀርም። ዝምድናን በሰንጠረዥ ያሰፈረ ተቋም ከስሌት ዓለም ወጥቶ ከማኅበረሰብ ዓለም ነው ለማለት ያስቸግራል። በሌላ በኩል የኢንሹራንስ ኩባንያ ሽማግሌውን ከወጣቱ አብልጦ ያስከፍላል፤ ዕድር ግን በአብዛኛው ሁሉንም እኩል ያስከፍላል። ኩባንያ ደንበኛው ለቅሶ እንዲቀመጥ አያስገድድም፤ ዕድር ያስገድዳል፤ ቀርቶ የተገኘውንም ገንዘብ ያስከፍላል።

ዱርክሃይም ውልን የሚያጸናው ውሉ ውስጥ ያልተጻፈ ነገር ነው ብሎ ነበር፦ መተማመን፣ ልማድ፣ የጋራ ሥነ ምግባር። የዕድር መዝገብ ይህን ይገለብጠዋል። በመጀመሪያ የሚመጣው ውሉ ነው፤ ፍቅሩ ኋላ ይከተላል። ሰው ቅጣት ፈርቶ ለማያውቀው ጎረቤቱ ለቅሶ ይደርሳል፤ ከድንኳኑ ሥር አብሮ ያመሻል፤ በዚያው ይተዋወቃል፤ ከዓመታት በኋላ ያለ ቅጣትም ይመጣል። ጉርብትና ዕድርን አልወለደም፤ ዕድር ነው ጉርብትናን ያበጀው። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» የአማራውን ገበሬ ግለኝነት አጉልቶ አሳይቷል። ያንን ግለኛ ሰው አምጥቶ ባዕድ ጎረቤት ቀብር ላይ ያቆመው ባህላዊ ደግነቱ ነው የሚለው መልስ እኔን አያጠግበኝም። ያቆመው ደንቡ ነው።

ደንብ ብቻውን ግን አይበቃም። ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሲወርስ፣ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትንም በየቀበሌው አቋቁሟል። ቀበሌም መዝገብ ነበረው፣ ስብሰባ ነበረው፣ የቀረውን ይቀጣ ነበር። ከቀበሌ ስብሰባ ግን ዕድር አልተወለደም። ልዩነቱ የሚመስለኝ ይህ ነው፦ የዕድር ዳኛ ነገ ራሱ ሟች ነው፤ የሚቀብሩትም የቀጣቸው ሰዎች ናቸው።

ዕድርን እያወደስኩ አይደለም። የመግቢያ ክፍያውን የማይችል ድሃ ከደጅ ይቀራል፤ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚከራይ ሰውም እንዲሁ። ስለ አብሮነታችን ስናወራ እነዚህን ሰዎች እንዘላቸዋለን።

ፈተናው አሁን በዓይናችን ፊት ነው። በዕጣ የሚታደለው ኮንዶሚኒየም የማይተዋወቁ ሰዎችን በአንድ ደረጃ ያገናኛል፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማት ምክንያት ከፒያሳና ከካዛንቺስ ብዙ ሰው ተነሥቷል። በኮንዶሚኒየሞቹ አዲስ ዕድር ሲቋቋም፣ ከተማ አቋርጦ የጥንት ሰፈሩን መዋጮ መክፈሉን የቀጠለም አለ። በዋሺንግተን ዙሪያ ያሉ ኢትዮጵያውያን ያቋቋሟቸው ዕድሮች አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ ይረዳሉ፤ በጡሩንባው ቦታ የስልክ መልእክት ገብቷል። ትስስሩ ከሰፈር ተነቅሎ መዝገብ ላይ ብቻ ሊጸና ይችል እንደሆነ የሚታየው በዚህ ነው።

ስለዚህ የሶሲዮሎጂ ተማሪዎቻችንን አንድ ነገር እለምናለሁ። መጠይቅ በትኖ አባላቱን «ዕድር ምን ይጠቅማችኋል?» ብሎ መጠየቁ ይቆያል። ሰፈር ሲፈርስ የስብሰባ ቃለ ጉባኤውና የቀሪዎች ዝርዝር አብሮ እንዳይጠፋ መድረስ ይቀድማል። ማን መቼ ገባ፣ ማን ተቀጣ፣ ማን ይቅርታ ተደረገለት፣ ደንቡ በየትኛው ዓመት ተሻሻለ፦ የአንድ ማኅበረሰብ አፈጣጠር በእጅ ጽሑፍ የሰፈረው እዚያ ነው። ሳጥኑን ለማግኘት ቤተ መዛግብት መሄድ አያስፈልግም፤ ብዙውን ጊዜ በጸሐፊው አልጋ ሥር ነው።