ሰዓቱ በማን እጅ ነበር?

ስለ ኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ቡድን ሲወራ የማይክል ጆርዳን ስም ከተነሣ ብዙው ክርክር እዚያው ላይ ይቆማል። «ከፖይንት ጋርዶቹስ ማን ይበልጣል?» የተባለ ጊዜ ግን ጆርዳንም አያስታርቅም። አንዱ ፊል ፎርድ ይላል፣ ሌላው ታይ ላውሰን ይላል፣ ቁጥር የሚወድ ሰው ኤድ ኮታን ይጠራል። እኔ እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ታዳጊዎችን አሠለጥናለሁ፤ ከልጆቹም መካከል አብዝቼ የምቆመው በዚህ ቦታ ከሚጫወቱት ጋር ነው። ስለዚህ ክርክሩን ለወሬ ማሟሻ አላነሣውም። የምሰጠው መልስ ነገ ከሰዓት በኋላ ለአንድ የ13 ዓመት ልጅ ምን እንደማስተምረው ይወስናል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

በቁጥር እንሂድ ካልን ነገሩ አጭር ነው። ከ1996 እስከ 2000 የተጫወተው የብሩክሊኑ ልጅ ኮታ 1,030 አሲስት አለው፤ በቡድኑ ታሪክ እዚህ የደረሰ ሌላ ሰው የለም። በአንድ የኮሌጅ ዘመን ከ1,000 በላይ ነጥብ፣ ከ1,000 በላይ አሲስትና ከ500 በላይ ሪባውንድ በመያዝም በአሜሪካ ኮሌጆች ታሪክ የመጀመሪያው ነው። ቡድኑን ሦስት ጊዜ እስከ መጨረሻዎቹ አራት አድርሷል። በአገር አቀፍ ዋንጫ ከለካን ግን ኮታ ከዝርዝሩ ይወጣል፤ ፎርድም አብሮት ይወጣል። የሚቀሩት ጂሚ ብላክ በ1982፣ ዴሪክ ፌልፕስ በ1993፣ ሬይመንድ ፌልተን በ2005፣ ላውሰን በ2009፣ ጆኤል ቤሪ በ2017 ናቸው። ከእነሱም በፊት በ1957 ቶሚ ከርንስ አለ፤ አሠልጣኙ ፍራንክ ማክጋየር በፍጻሜው መክፈቻ ኳስ ላይ ከሁለት ሜትር በላይ ከሚረዝመው ከዊልት ቻምበርሌን ጋር እንዲዘል የላኩት፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ80 የሆነው ተጫዋች። ኳሷን አላገኛትም፤ ዋንጫውን ግን ከሦስት ዙር ተጨማሪ ሰዓት በኋላ 54 ለ 53 አሸንፈው ወሰዱት። ደስ የሚሉ ታሪኮች ናቸው። ፎርድን የሚያስወጣ መለኪያ ግን ችግሩ ከመለኪያው ነው ባይ ነኝ።

እኔ የምለካው በጊዜ ነው። ፖይንት ጋርድ የጨዋታውን ሰዓት የሚይዝ ሰው ነው፤ ቡድኑ መቼ እንደሚሮጥ፣ መቼ እንደሚቆም፣ ኳሷ በየትኛዋ ቅጽበት ከእጅ እንደምትወጣ የሚወስነው እሱ ነው።

ሥልጠና ላይ ኳስ ስናቀባብል የምቆመው ከተቀባዩ ጎን ነው፤ ዓይኔም ያለው በተቀባዩ እጆች ላይ ነው። ከመስመር ዳር እየሮጠ የመጣው ልጅ ሁለተኛ እግሩ መሬት ሲነካ ኳሷ በደረቱና በትከሻው መካከል፣ በሚወረውርበት እጁ በኩል ከደረሰች፣ ሳያወርዳት ሳያስተካክላት በያዘበት ይወረውራል። ወደ ጉልበቱ ከወረደች ወይም ከኋላው ከቀረች ጎንበስ ብሎ ይለቅማታል፣ መልሶ ያነሣታል፤ እስከዚያ ተከላካዩ ደርሶበታል። ሁለቱም ኳሶች ቢገቡ በመዝገቡ ላይ አንድ አንድ አሲስት ናቸው። በሥራቸው ግን አይገናኙም። የአሲስት ብዛት ብቻውን የማያሳምነኝ ለዚህ ነው።

ይህን ከኬንዳል ማርሻል አብልጦ ያሳየኝ ተጫዋች የለም። ማርሻል ቨርጂኒያ፣ ደምፍሪስ ያደገ ግራኝ ነው፤ ከእኛ አካባቢ ሩቅ አይደለም። ፍጥነት አልነበረውም፣ ከፍ ብሎም አይዘልም። በጥር 2011 ቋሚ ተሰላፊ ሆነ፤ በ2011–12 የውድድር ዘመን የሰጣቸው 351 አሲስቶች የአትላንቲክ ኮስት ኮንፈረንስ የአንድ ዓመት ክብረ ወሰን ሆኑ። ኳሷ ገና ወደ እሱ ስትመጣ ሜዳውን አይቶ ጨርሷል። አንዴ አንጥሮ፣ አንዳንዴም ጭራሽ ሳያነጥር፣ ከግማሽ ሜዳ ማዶ ለሚሮጠው ይሰዳታል። ተቀባዮቹ ሃሪሰን ባርንስ፣ ጆን ሄንሰንና ታይለር ዜለር ነበሩ፤ በዚያው ዓመት ማርሻልን ጨምሮ አራቱም በኤን ቢ ኤ ድራፍት የመጀመሪያ ዙር ተመርጠዋል። «እንዲህ ያሉ ተቀባዮች ካሉ ማንስ ቢያቀብል?» የሚል ሰው አይጠፋም። መልሱ በዚያው የውድድር ዘመን መጣ።

በመጋቢት 2012 ከክሬይተን ጋር ሲጫወቱ ማርሻል ወደ ቅርጫቱ ሲገባ ወድቆ የቀኝ እጁ አንጓ ተሰበረ። የተካው ስቲልማን ዋይት የሚባል የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበር። በቀጣዮቹ ሁለት ጨዋታዎች 13 አሲስት ሰጠ፤ አንድም ኳስ አላባከነም። መዝገቡን ብቻ ያየ ሰው ምንም የጎደለ አይመስለውም። ቡድኑ ግን ኦሃዮ ዩኒቨርሲቲን ያሸነፈው በተጨማሪ ሰዓት ነው፤ ቀጥሎም በካንሳስ 80 ለ 67 ተሸንፎ ከውድድሩ ወጣ። በዋይት ላይ አንዳች ቅሬታ የለኝም፤ በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ መድረክ ላይ ኳስ ሳያባክኑ መጫወት ትልቅ ሥራ ነው። የጠፋው ነገር ኳሷ ቀድማ መድረሷ ነበር። ማርሻል ሲያቀብላቸው ፊታቸው ክፍት የነበሩት ሰዎች አሁን ተከላካይ ከፊታቸው ቆሞ ይቀበሉ ጀመር። በዚያች ሳምንት የሆነውን የትኛውም ስታቲስቲክስ በደንብ አይመዘግበውም፤ እኔ ግን ስለዚህ ሙያ ካየኋቸው ማስረጃዎች ሁሉ ትልቁ አድርጌ የምይዘው እሱን ነው።

ማርሻል ሰከንዶችን ይቆጥብ ነበር። ፎርድ ግን ሰዓቱን ጠቅልሎ ነው የወሰደው።

ፎርድ የመጣው እዚያው ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ካለችው ከሮኪ ማውንት ከተማ ነው። በ1974 ሲገባ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በዋናው ቡድን እንዲጫወቱ ከተፈቀደ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። አሠልጣኝ ዲን ስሚዝ ገና በመጀመሪያ ጨዋታው በቋሚነት ያሰለፉት የመጀመሪያው የአንደኛ ዓመት ተማሪም እሱ ነው። በ1976 የሞንትሪያል ኦሎምፒክ፣ አገራችን ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር ራሷን ባገለለችበትና ምሩፅ ይፍጠር ሳይሮጥ በቀረበት በዚያው ኦሎምፒክ፣ በዲን ስሚዝ በሚሠለጥነው የአሜሪካ ቡድን ውስጥ ሆኖ ወርቅ አግኝቷል።

እየመሩ ሳለ ፎርድ አራት ጣቱን ከፍ ካደረገ ምን እንደሚመጣ አዳራሹ ሁሉ ያውቃል። ስልቱ «ፎር ኮርነርስ» ይባላል። አራቱ ጓደኞቹ ወደ አጥቂው ግማሽ ሜዳ አራት ማዕዘኖች ይወጣሉ፤ መሐሉ ወና ይሆናል፤ ፎርድ ኳሷን እያነጠረ እዚያ ብቻውን ይቀራል። ያኔ በኮሌጅ ጨዋታ በዚህን ያህል ሰከንድ ውስጥ ወርውሩ የሚል ሕግ አልነበረም። ተከላካዩ ካልቀረበው ሰዓቱ ይነጉዳል። ከቀረበው ያልፈዋል፤ ሲያልፈው ሌላ ተከላካይ ማዕዘኑን ትቶ ሊረዳ ይመጣል፤ ያ የተተወው የፎርድ ጓደኛ ቅርጫቱ ሥር ኳሷን ይቀበላል። ጥፋት ሠርተው ቢያስቆሙት ደግሞ የቅጣት ውርወራ አለ። ተቃራኒው ቡድን የቱንም ቢመርጥ ይከስራል።

ይህን ስልት ዛሬም ልጆቼን አሠራቸዋለሁ፤ ለጨዋታ ባይሆንም ለትምህርት። ማንጠሩን ቶሎ ይለምዱታል፤ የሚያቅታቸው መቆየቱ ነው። ባዶ ሜዳ ያየ ልጅ ወዲያው ወደ ቅርጫቱ መሮጥ ያምረዋል። እኔ ደግሞ «እግሩን እየው» እላለሁ። ተከላካዩ በሁለቱም እግሮቹ ላይ እኩል ቆሞ ሳለ የትም ብትሄድ ይከተልሃል። ክብደቱ ወደ አንዱ እግር ሲያዘነብል ግን በዚያ በኩል ማለፍ ነው፤ ያን እግር አንሥቶ ለመዞር ግማሽ ሰከንድ ይፈጅበታል። ፎርድ በድሮ ፊልሞች ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ትከሻውን ጣል ያደርጋል፣ ራሱን ያዘነብላል፣ ኳሷን አንዴ ዝቅ አድርጎ ያነጥራል፤ ተከላካዩ እስኪያዘነብል ይታገሣል። ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነው፤ ሰው የሚያስታውሰውም ያንን ፍጥነት ነው። ትዕግሥቱን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

በ1985–86 የ45 ሰከንድ ገደብ ሲመጣ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ኳስ ይዞ የመቆየት ስልት ነበር። ስልቱን ዲን ስሚዝ ከፎርድ በፊትም ተጠቅመውበታል፣ ከእሱ በኋላም። እንደ እሱ የኖረበት ግን የለም።

በፎርድ ላይ የሚቀርበው ትልቁ ክስ የ1977ቱ ፍጻሜ ነው። ማርኬት እስከ 12 ነጥብ ልዩነት መርቶ ነበር፤ ካሮላይና ተከታትሎ 45 ለ 45 ላይ ሲደርስ ዲን ስሚዝ ፎር ኮርነርስን አዘዙ። ነፋሱ ዞሮላቸው ሳለ ሩጫውን አቆሙት። ማርኬት 67 ለ 59 አሸነፈ። ብዙ ሰው ይህን ጠቅሶ «ትልቁ ዕለት ላይ አልሠራለትም» ይላል። ፎርድ ግን በዚያ ውድድር ከኖትር ዳም ጋር ሲጫወቱ ክርኑ ተጎድቶ ነበር፤ ከርቀት መወርወር የማይችል መሪ ደግሞ ለፎር ኮርነርስ ግማሽ ሰው ነው፤ ተከላካዩ ራቅ ብሎ መቆም ይችላልና። ክርኑ ደኅና ቢሆን ዋንጫው ይመጣ ነበር ማለቴ አይደለም። አንድን ተጫዋች በተጎዳበት ሌሊት ብቻ መመዘን ግን ፍርድ አይደለም።

ሌላም አለ። የሦስት ነጥብ መስመር ለኮሌጆች ሁሉ የተሰመረው በ1986–87 ነው። ፎርድ 2,290 ነጥቡን ያለዚያ መስመር ነው ያስቆጠረው፤ ያ የቡድኑ ክብረ ወሰን ታይለር ሃንስብሮ በታኅሣሥ 2008 እስኪሰብረው 30 ዓመት ቆይቷል። ሰዓቱን የሚይዝ ሰው ራሱም የሚፈራ ወርዋሪ ሲሆን ተከላካዩ የሚጠጋበትም የሚርቅበትም ርቀት የለውም።

ስለ ብላክ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በ1982ቱ ፍጻሜ ጆርጅታውንን 63 ለ 62 ያሸነፈችውን የጆርዳንን ኳስ ሁሉም ያውቃታል። ያቀበለው ብላክ ነው። ፊልሙን ስታዩ ዓይናችሁን ከጆርዳን ላይ አንሡ። ኳሷ መከላከያውን አቋርጣ በግራ በኩል ስትደርስ ጆርዳን ሁለት እግሩ ተተክሎ ነበር፤ ለማስተካከል አልተቸገረም። ለተማሪዎቼ ኳስ ስለ ማቀበል ሳስተምር የማሳያቸው ይህንን ነው። ዲን ስሚዝ ተጫዋቾቻቸው ካስቆጠሩ በኋላ ጣታቸውን ወዳቀበላቸው ሰው እንዲቀስሩ ያስተምሩ ነበር። በእኛ ቤት ጣት ወደ ሰው መቀሰር ነውር ነው፤ እዚያ ግን ምስጋና ነው። እኔም ልጆቼን ይህንኑ አስለምጃቸዋለሁ።

አብሮኝ የሚያሠለጥን ወዳጄ ላውሰንን ያስቀድማል፤ ላውሰን የዚህችው የሜሪላንድ፣ የክሊንተን ልጅ ነው። ክርክሩም የዋዛ አይደለም። ላውሰን በአሠልጣኙ በሮይ ዊሊያምስ የሩጫ ጨዋታ ውስጥ ኳሷን ከጫፍ ጫፍ ሲያደርስ ተከላካዮች ገና ፊታቸውን አላዞሩም ነበር። በ2009 የኮንፈረንሱ ምርጥ ተጫዋች ተባለ፤ ከፎርድ ወዲህ ያን ክብር ያገኘ የመጀመሪያው ፖይንት ጋርድ ነው። የእግሩ አውራ ጣት ተጎድቶ በቀረበት የኮንፈረንስ ውድድር ቡድኑ በፍሎሪዳ ስቴት ተሸነፈ፤ ሲመለስ ዋንጫው መጣ። ሚሺጋን ስቴትን 89 ለ 72 ባሸነፉበት ፍጻሜ 21 ነጥብ አስቆጥሮ 8 ኳስ ነጠቀ። ስምንት! ወዳጄ ይህን ሲጠራ ድምፁ ከፍ ይላል፤ እኔም አልቃወመውም።

የምቃወመው አንድ ቦታ ላይ ነው። ላውሰን አንድ ሰዓት ነበረው፤ የሩጫውን። ሁለተኛውን አልተጠየቀም፤ የዘመኑ ሕግም አያስጠይቀውም። ፎርድ ግን መሮጥ ሲያስፈልግ ሮጧል፣ ማቆም ሲያስፈልግ አቁሟል፣ ማስቆጠር ሲያስፈልግም አስቆጥሯል። በ1978 በገዛ ሜዳው የመጨረሻ ጨዋታውን ዱክን ሲገጥም 34 ነጥብ አስቆጠረ፤ በኮሌጅ ዘመኑ ከዚያ የበለጠ አስቆጥሮ አያውቅም። ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠው የዚያን ዓመት የጆን ውድን ሽልማትም የእሱ ነበር። ፎርድን አንደኛ፣ ላውሰንን ሁለተኛ አድርጌያለሁ። ሦስተኛ ኮታ ነው፤ አራት ዓመት ሙሉ በዚያ ጥራት ማቀበል ቀላል አይደለም። ማርሻልን አራተኛ ያደረግሁት በቋሚነት የመራው አንድ ዓመት ተኩል ያህል ብቻ ስለሆነ ነው፤ በማቀበል ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁሉንም ያስከነዳ ነበር።

አምስተኛው ላይ ከወዳጄ ጋር አልተስማማንም። እሱ ፌልተንን ይላል፤ በ2005 ኢሊኖይን 75 ለ 70 ባሸነፉበት ፍጻሜ መጨረሻ ላይ ኳስ ነጥቆ ጨዋታውን የዘጋውን። እኔ ፌልፕስን እላለሁ። በ1993ቱ ፍጻሜ የሚሺጋኑ ክሪስ ዌበር ለቡድኑ ያልቀረለትን የእረፍት ጥሪ የጠየቀው ፌልፕስና ጆርጅ ሊንች ማዕዘን ላይ ስላጠመዱት ነው። 11 ሰከንድ ቀርቶ ነበር፤ የተቃራኒውን ቡድን ሰዓት የያዘውም ኳስ በእጁ ያልነበረው ሰው ነው።