የጌሾ ችግኝ መረጣና ተከላ

ጌሾ በጠላና በጠጅ አጠማመቅ ያለው ሥራ በአውሮፓና በአሜሪካ ቢራ ውስጥ ሆፕ የተባለው ተክል ካለው ሥራ ጋር የተቀራረበ ነው፤ ሁለቱም ለመጠጡ ምሬት ይሰጣሉ፣ ቶሎ እንዳይበላሽም ያግዛሉ። የሚባዙበት መንገድ ግን የተለያየ በመሆኑ ገዢው የሚያደርገው ጥንቃቄም ይለያያል። ሆፕ ወንዴና ሴቴው ለየብቻ የሚበቅል ተክል ስለሆነና ለቢራ የሚፈለገው የሴቴው አበባ ብቻ ስለሆነ፣ በቤቱ ቢራ የሚጠምቅ ሰው የሚተክለው ዘር ሳይሆን ከመሬት በታች አግድም የሚያድገውን ግንድ ቁራጭ ነው፤ ቁራጩም እናቱን ሙሉ በሙሉ ይመስላል። በ1972 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለአምራቾች የተለቀቀው ካስኬድ የተባለ ዝርያ ዛሬም በዚሁ መንገድ ሳይለወጥ ይገኛል።

በሳይንሳዊ ስሙ ራምነስ ፕሪኖይድስ የሚባለው ጌሾ ግን በአብዛኛው የሚባዛው በዘር ነው። ከዘር የሚነሣ ችግኝ የእናቱን ጠባይ በከፊል ብቻ ስለሚወርስ፣ ገዢው ከዋጋው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ዘሩ ከየትኛው ዛፍ እንደተለቀመ ነው። ቅጠሉ በወጉ የሚመር፣ ከተቆረጠም በኋላ ቶሎ የሚያቆጠቁጥ እናት ዛፍ ያለው ችግኝ ምንጩ ካልታወቀው የተሻለ ተስፋ ይሰጣል።

በችግኝ ጣቢያ ዓይን የሚያርፈው በሚያብረቀርቀው ቅጠል ላይ ቢሆንም መመርመር ያለበት ሥሩ ነው። በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ብዙ የቆየ ችግኝ ሥሩ ከታች ደርሶ መጠምዘዝ ስለሚጀምር፣ ቁመቱ ቢያምርም ከተተከለ በኋላ ሥሩን ወደ ጎን መዘርጋት ይቸግረዋል፤ ስለዚህ አጠር ብሎ ግንዱ የጠነከረው ይመረጣል። ተከላው ክረምቱ ገብቶ አፈሩ በደንብ ከራሰ በኋላ ይከናወናል፤ ቀደም ብሎ በተቆፈረው ጉድጓድ የላይኛው አፈር ከበሰበሰ ፍግ ጋር ይቀላቀላል፣ ከረጢቱም ሥሩን ያቀፈው አፈር ሳይፈርስ ተቀዶ ይወጣል። ውሃ የሚተኛበት መረሬ መሬት ሥሩን ስለሚያበሰብስ፣ ውሃ የሚያሳልፍ አፈር ይሻላል።

ችግኙ ሳይጠና ቅጠሉን መንጨት ምግቡን የሚያዘጋጅበትን አካል መንፈግ ስለሆነ፣ ባለሙያ ተክሉ ቅርንጫፍ እስኪያወጣ ይታገሣል። የተለቀመው ቅጠል ሳይከመር ተሰጥቶ እየተገላበጠ ይደርቃል፤ መድረቁ የሚታወቀውም በጣት ሲታጠፍ የቅጠሉ መካከለኛ ጅማት ሳይለመጥ ቀጭ ብሎ ሲሰበር ነው። ጅማቱ እርጥበት ይዞ ከገባ ቅጠሉ ይሻግታል፣ ሽታውም ወደ መጠጡ ያልፋል።

ለጠላ በአብዛኛው የሚያገለግለው ቅጠሉ ሲሆን፣ ተወቅጦ ከብቅልና ከውሃ ጋር በታጠነ ጋን ውስጥ ይጠነሰሳል፤ ጥንስስ ማለትም ለመጠጡ መነሻ የሚሆነው የመጀመሪያው ድብልቅ ነው። ለጠጅ ግን የጌሾ እንጨት፣ ማለትም የተከተፈው ግንድና ቅርንጫፍ፣ ከብርዙ ጥቂት ተቀንሶ ይቀቀልበትና ተመልሶ ይጨመራል። በሁለቱም ልኩን የሚወስነው የጌሾው ብርታት ስለሆነ፣ ያረጀና ለጋ ቅጠል የተቀላቀለበትን የገበያ ጌሾ የምትጠቀም ጠማቂ በየጊዜው ልኳን እንደገና ለመፈለግ ትገደዳለች፤ ከአንድ ጓሮ የምትለቅም ግን የቅጠሉን ጠባይ ስለምታውቅ እጇ አይስትም።

ይህ ዕውቀት ፍሬ የሚያፈራው ምርጫው ወደ ዘር ሲመለስ ነው። ጥሩ የሆነው ዛፍ ቅርንጫፉ ሁሉ ሳይቆረጥ ጥቂቱ ለፍሬ ይተዋል፤ ፍሬው ከቀይነት ወደ ጥቁርነት ሲለወጥ ይለቀምና ሥጋው ታጥቦ ዘሩ ትኩስ ሳለ ይዘራል። የሆፕን ዝርያ ምርምር ጣቢያዎች መዝግበው ሲጠብቁ፣ የጌሾን ጠባይ ለይተው ያቆዩት በየጓሮው ያሉ ጠማቂዎች ናቸው። በመሆኑም ጥሩ ዛፍ ያለው ባለሙያ ዘሩን ከነታሪኩ ለጎረቤት ማካፈል አለበት፤ አለበለዚያ ስንት ዓመት የተመረጠው ጌሾ ከአንድ ዛፍ ጋር አብሮ ይጠፋል።