ቆሞ የማይደክም ባትሪ
ቃሊቲ ጉምሩክ አካባቢ ተራ ጠብቆ የሚያድር ከባድ መኪና ጋቢናው ለሾፌሩና ለረዳቱ መኝታም ነው፤ መብራቱም፣ ሬዲዮውም፣ የስልኩ ቻርጅም የሚጠቀሙት ሞተር የሚያስነሳውን ባትሪ ነው። ብዙዎቹ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎችን አያይዘው በ24 ቮልት ስለሚሠሩ፣ አንዱ ከደከመ ሞተሪኖው አቅም ያጣል። ሙሉ ባትሪ ሲያርፍ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ወደ 12 ከወረደ ከግማሽ በታች ቀርቶታል። ጠንቃቃ ሾፌር ከመተኛቱ በፊት ዋናውን ማጥፊያ ይዘጋል፤ ከሌለው የኔጌቲቩን ገመድ ይፈታል። ይህ እጅግ የሚደነቅ ልማድ ነው፤ ምክንያቱም ሞተርን እያስነሱ ባትሪ መሙላት ነዳጅ ይበላል፣ በዝግታ የሚዞር ዲናሞም የሚሞላው ጥቂት ነው። ባዶውን የሰነበተ ባትሪ ደግሞ ሳህኖቹ በሰልፌት ይጋገራሉ፤ ያኔ ከሌላ መኪና በገመድ ማስነሳት ለዕለቱ እንጂ ለባትሪው አይበጅም።