ስለ ራስ ትምህርት መጻፍ፤ በዲጂታል ትምህርት ኮርሶች «ሪፍሌክሽን» የሚባለው ድርሰት ሲመረመር

በዲጂታል ትምህርት ለሁለተኛ ዲግሪ የሚማር ሰው በየኮርሱ መጨረሻ አንድ ድርሰት እንዲያቀርብ ይታዘዛል። ድርሰቱ በተማሪው አፍ «ሪፍሌክሽን» ይባላል፤ ተማሪው ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ፣ ምን እንዳወቀና ምን እንደ ቀረው በራሱ አንደበት የሚገልጽበት ነው። ኮርሶቹ ሲያልቁም ድርሰቶቹ ተሰብስበው «ፖርትፎሊዮ» በሚባል መዝገብ ይገባሉ፤ በብዙ ቦታም ለመመረቂያ ከሚመዘኑት ሥራዎች አንዱ ይኸው መዝገብ ነው። ግጥሙና ልብ ወለዱ ሐያሲ ሲያገኙ ይህ ጽሑፍ ግን፣ ከእኛ መካከል እጅግ የሚበዛው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ እንደ ድርሰት ሲመረመር አላየሁም። በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር ያሰብሁት እርሱን ነው። የሌላውን ሰው ሥራ ለሒስ ማውጣት ደግ ስላልመሰለኝ የራሴን ስምንት ድርሰቶች በምስክርነት አቀርባለሁ። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስምንቱን ድርሰቶች በአንድ ሌሊት ተራ በተራ አነበብኋቸው። የመጀመሪያው «ወደዚህ ኮርስ ስገባ ቴክኖሎጂ ማለት ዕቃ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ግን ዓይኔ ተከፍቷል» ይላል። አራተኛውም በሌላ ቃል ያንኑ ይላል። ስምንተኛውም እንዲሁ። በስምንቱም መጀመሪያ ላይ ምንም የማላውቅ ሰው ነኝ፤ በስምንቱም መጨረሻ ላይ ዐዋቂ ሆኛለሁ። አንድ ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ ስምንት ጊዜ ከጨለማ ወደ ብርሃን ከወጣ፣ በመካከሉ ሰባት ጊዜ ወደ ጨለማው ተመልሷል ማለት ነው። እኔ እንዲህ ያለ መመላለስ አላደረግሁም። ይህን ያደረገልኝ የድርሰቱ ቅርጽ ነው። ቅርጹ የንስሐ ቅርጽ ነው፤ በደልን መናገር፣ መጸጸት፣ መታደስ። ልዩነቱ ንስሐ የሚሰማው ቄስ ማርክ የማይሰጥ መሆኑ ነው። ማርክ ባለበት ግን ተናዛዡ የትኛው በደል እንደሚወደድ ቶሎ ይማራል።

ነገሩ ከመነሻው እንዲህ አልነበረም። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ዱዊ በ1910 ስለ ማሰብ በጻፈው መጽሐፍ ማውጠንጠን የሚጀምረው ሰው ሲጠራጠር፣ መንገዱ ለሁለት ተከፍሎበት ሲቆም መሆኑን አስረድቷል። ያመነውን ነገር ምን ማስረጃ እንደሚደግፈው፣ ወደ ምንስ እንደሚያደርሰው በጥንቃቄ መመርመር ማውጠንጠን ነው አለ። የእኔ ስምንት ድርሰቶች በዚህ ሚዛን ቢመዘኑ በአንዳቸውም ውስጥ መንታ መንገድ የለም። ሁሉም ቀጥ ያለ አስፋልት ነው።

መንታ መንገድ ግን ነበረ። በሦስተኛው ኮርስ የሪቻርድ ክላርክንና የሮበርት ኮዝማን ክርክር አንብበን ነበር። ክላርክ በ1983 ባወጣው ጽሑፍ ትምህርት የሚተላለፍበት መሣሪያ በራሱ ለዕውቀት አንዳች አይጨምርም፤ መሣሪያው እህል ጭኖ እንደሚመጣ መኪና ነው፣ የሚያጠግበው እህሉ እንጂ መኪናው አይደለም ሲል ተከራከረ። ኮዝማ በ1991 መልስ ሰጠ፤ እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ችሎታ ስላለው ተማሪው የሚማርበትን መንገድ ይለውጣል አለ። በ1994 ሁለቱ እንደ ገና ተከራከሩ። እኔ በድርሰቴ ምን ጻፍሁ? «ሁለቱም በየበኩላቸው ትክክል ናቸው፤ ከሁለቱም ብዙ ተምሬአለሁ።» ይህ ዐረፍተ ነገር ሸሽቶ ማምለጫ ነው።

የበለጠ የሚያሳፍረኝ ደግሞ ለክርክሩ የሚሆን ምስክር በእጄ ይዤ ዝም ማለቴ ነው። በ2004 በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትምህርት ሲጀመር እኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርሁ። ሁላችንም «ፕላዝማ» ብለን እንጠራው ነበር። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይነገራል፤ የክፍሉ አስተማሪ በመግቢያና በመዝጊያ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል። በስክሪኑ ላይ ያለው መምህር ጥያቄ ይጠይቃል፤ ጥቂት ሰከንድ ዝም ይላል፤ ከዚያም ማንም ሳይመልስለት «በጣም ጥሩ» ብሎ ያልፋል። ጽሑፉ ከመጥፋቱ በፊት ለመገልበጥ ስንሽቀዳደም የደብተራችን ገጽ ሁሉ እኩሌታው ባዶ ይቀር ነበር። መብራት ከጠፋ ያ ቀን ትምህርት ሄደ፤ አስተማሪያችንም ጠመኔውን ይዞ ይቆማል። የሒሳብ አስተማሪያችን በመዝጊያው ደቂቃዎች ስክሪኑ የሮጠበትን በአማርኛ ሲደግምልን የገባኝ ብዙ ነገር አለ።

እንግዲህ ይህ ለማን ይመሰክራል? የማይጠብቀው ሳተላይቱ ነው፤ ዛሬ በስልክ ላይ ያለ ቪዲዮ ግን ሊቆምና ሊመለስ ይችላል፤ ስለዚህ መሣሪያው ለውጥ ያመጣል ሊል ይችላል ኮዝማ። ክላርክ ደግሞ መጠበቅና መድገም የማስተማር ዘዴ ነው፣ ጠመኔ የያዘው ሰውም ይህንኑ አድርጎታል፣ ሌላ መሣሪያ ያንኑ ሊፈጽም ከቻለ ምክንያቱ መሣሪያው አይደለም ይላል። በእኔ አስተያየት በዕውቀት ረገድ እውነቱ ወደ ክላርክ ያደላል። ነገር ግን እርሱ መሣሪያና ዘዴ ተለያይተው የሚመረጡ አድርጎ ያስባል፤ በእኛ ክፍል ውስጥ ዘዴውን የመረጠልን ሣጥኑ ነበር። ይህን ለመጻፍ አሥራ አምስት ደቂቃ እንኳ አልወሰደብኝም። በሦስተኛው ድርሰት ያልጻፍሁት ስለ ፕላዝማ መናገር ኋላ ቀር ሰው የሚያስመስለኝ ስለመሰለኝ ነው።

ሰባተኛውን ድርሰት ቶሎ ልለፈው፤ ሚሽራና ኮለር በ2006 ያቀረቡትን ስለ ትምህርት ይዘት፣ ስለ ማስተማር ስልትና ስለ ቴክኖሎጂ ዕውቀት መጋጠም የሚናገረውን ሐሳብ እንደ ጌጥ አንጠልጥዬበታለሁ እንጂ በሥራ ላይ አላዋልሁትም።

ስድስተኛው ግን ሊታለፍ አይገባውም። በዚያ ኮርስ የቪዲዮ ትምህርት አዘጋጅተን በተማሪዎቻችን እንድንሞክር ታዝዘን ነበር። እኔ ለማታ ተማሪዎቼ አንድ ቪዲዮ አዘጋጅቼ ላክሁ፤ ከሦስት አንዱ እንኳ አልከፈተውም። በድርሰቴም «ተግዳሮት ቢገጥመኝም ጽናትን ተምሬአለሁ» ብዬ ጻፍሁ። ሙሉ ማርክ አገኘሁ፤ በኅዳጉም ላይ «ልባዊ ነው» የሚል ቃል ተጽፎልኝ ነበር። ያልጻፍሁት ይህ ነው፤ አንዲት ተማሪ ከክፍል ስንወጣ «መምህር፣ የሳምንቱ ጥቅሌ በእርስዎ ቪዲዮ ብቻ ያልቅብኝ ነበር» አለችኝ። ቪዲዮውን ከመሥራቴ በፊት የኢንተርኔት ጥቅል ማን ምን ያህል እንዳለው አልጠየቅሁም። ጕድለቱ የእኔ ነበር፤ «ተግዳሮት» የሚለው ቃል ግን ጕድለቱን ከእኔ ላይ አንሥቶ ለማንም አልሰጠውም።

ዶናልድ ሾን በ1983 ስለሚያወጠነጥን ባለሙያ በጻፈው መጽሐፍ ያመጣው ምሳሌ እዚህ ላይ ይጠቅማል። አንዲት የሥነ ሕንፃ ተማሪ የትምህርት ቤት ሕንፃዋ ከተዳፋቱ መሬት ጋር አልገጥም ብሏት ተቸግራለች፤ መምህሯ በንድፏ ላይ ወረቀት ዘርግቶ እየሣለና እየተናገረ ያሳያታል። ማውጠንጠኑ ያለው በንድፉ ላይ ነው። በአገራችን ቅኔ ቤትም ተማሪው ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ሲወጣ መድረሱ የሚታወቀው «ዛሬ መወድስ ገባኝ» ብሎ በመጻፉ አይደለም። ቅኔውን ቆጥሮ በመምህሩ ፊት ያቀርባል፤ የተሳሳተውም እዚያው ይታረማል። ቅኔ ቤት የዋህ ቦታ ነው አልልም፤ የተማሪውን ፈተና ያየ ያውቀዋል። ግን ማንም ስለ ራሱ መሻሻል በመተረክ ወደሚቀጥለው ቅኔ አላለፈም።

መምህራኖቻችን የሚመልሱትን አውቃለሁ። በየጊዜው በርካታ ተማሪ ይመደብላቸዋል፤ ተማሪውም በየከተማው ተበትኖ ከስክሪን ወዲያ ነው፤ ከእያንዳንዱ ንድፍ አጠገብ መቀመጥ አይቻላቸውም። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ገጽ ኑዛዜ ለማንበብ የሚበቃው ጊዜ ሁለት የትምህርት ቅጂዎችን፣ ማለትም የከሸፈውንና የታረመውን፣ ጎን ለጎን አይቶ በመካከላቸው ምን እንደ ተለወጠና ለምን እንደ ተለወጠ ለመጠየቅም ይበቃል። ያልተለወጠ ነገር ካለ እርሱም ይታያል።

ለመጨረሻው ኮርስ ከማስረክበው መዝገብ ስድስተኛውን ድርሰት አውጥቼዋለሁ። በቦታው ቪዲዮውን፣ በኋላ ለዚያው ትምህርት ያዘጋጀሁትን በድምፅ ብቻ የሚሰማ ቅጂና ከተማሪዋ አባባል ጋር ግማሽ ገጽ አስገብቻለሁ። ማርኩ ገና አልተነገረኝም።